አናሳ የተባለው ክፍል

ሰርካዲስ የምታጠናው መኪናዋ ውስጥ ነበር። በፈረንጆቹ 2008 የጸደይ ወራት፣ አሜሪካ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ካለው መጋዘን ሥራዋን ጨርሳ ወደምትማርበት ኮሌጅ ትመጣና፣ የአናቶሚ መጽሐፏን መሪው ላይ ዘርግታ ብቻዋን ታነበንባለች። ሁለት ፈተና ወድቃለች። የመጨረሻውንም ከወደቀች የነርስ ትምህርቱ ይቀርባታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ደግሞ እሱን ብቻ ነው።

ቤት እንዳታጠና፣ ቤድፎርድ ከተማ ባለው የአጎቷ አፓርትመንት ሁለት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ይኖራል። በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ግን ጠረጴዛ፣ ሰሌዳ፣ የሚዋሱት መጽሐፍና የሚያስጠና ሰው ያለበት ሰፊ ክፍል አለ። በሩ ላይ «የማይኖሪቲ ተማሪዎች ማዕከል» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እሷ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር እርምጃዋን ታፈጥናለች።

ጉዱን ያመጣው መዝገበ ቃላት ነው። አጎቷ ጋሼ ወልደ ሥላሴ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ፣ አሁን ታክሲ የሚነዱ ኩሩ ሰው ናቸው። የክፍሉን ስም ስትነግራቸው መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ገለጡ።

«አናሳ ይላል» አሉ። «አናሳ ማለት ያነሰ ማለት ነው። ምን ጎድሎሽ ነው እዚያ የምትገቢው? ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይከተላል። ጎበዝ ተማሪ ብቻውን ያጠናል።»

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። ብቻዋን አጠናች፤ ብቻዋንም ወደቀች።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሰው የመኪናዋን መስኮት አንኳኳ። የክፍል ጓደኛዋ ገመቹ ነበር፤ ኤርፖርት መንገደኞችን በዊልቸር እየገፋ የሚማር ልጅ ነው።

«አንቺ፣ በዚህ ሙቀት እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አጠናለሁ።»

«ሶ፣ ሴንተሩ እያለ?»

«እኔ አናሳ አይደለሁም።»

ገመቹ ሳቀ፤ ሳቁም አናደዳት። «ማለቴ፣ እኔስ አናሳ እመስልሻለሁ? ቃሉ የሚያወራው ስለ ቁጥር ነው። እዚህ አገር ጥቂት ነን ነው የሚለው። እኔም አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሸሽቼው፣ ክላሱን ፌል አድርጌ ነው የገባሁት። አንቺስ ስንት አመጣሽ?»

ውጤቷን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሰርካዲስም በሽታዋን ደብቃ ስትማቅቅ ከርማለች። እንባዋ ቀደማትና ነገረችው። ከዚያ መጽሐፏን አቅፋ ተከተለችው።

ክፍሉ ውስጥ የካውቦይ ባርኔጣ የደፋ የፕላስቲክ አፅም ቆሟል። ሜክሲኳዊው፣ ቬትናማዊቷ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ከበውት ይከራከራሉ። ክፍሉን የሚመሩት ሚስ ግሎሪያ «ከየት መጣሽ?» አላሏትም፤ «ምን ከበደሽ?» ነው ያሏት። አንዱ ራስ ቅሉን፣ አንዷ እጁን፣ ሁሉም የድርሻውን አጥንቶ ለሌላው ያስተምራል። ለሰርካዲስ እግሩ ደረሳት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? መኪና ውስጥ ያንገላታት ሁለት መቶ ስድስት አጥንት በሦስት ሳምንት ገራላት።

ከመቶ ዘጠና አራት አገኘች። የነርስ ትምህርቱም ተቀበላት። ደስታዋ ወሰን አጣ።

በዓመቱ መዝጊያ ማዕከሉ ቤተሰቦችን ጋበዘ፤ ጋሼ ወልደ ሥላሴም ክራቫታቸውን አስረው መጡ። ተማሪዎቹ የክፍሉን ስም በየቋንቋቸው ግድግዳው ላይ ጽፈዋል። የአማርኛው ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ለምን አልጻፍሽም?» አሏት።

«መዝገበ ቃላትዎ የሚለውን መጻፍ አልፈለግኩም ጋሼ። ያሳለፈኝ ይሄ ክፍል ነው።»

አጎትየው አፅሙን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ የእህታቸውንም ልጅ አዩ። «ቃሉን እንጂ ቤቱን ሳላይ ፈረድኩ» አሉ፤ ተማሪ ፊት ስህተታቸውን ሲያምኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ማርከሩን ተቀብለው፣ በዚያ በአስተማሪ እጅ ጽሕፈታቸው ጻፉ።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ የሚደገፉበት በር ሲከፈት ስሙን አይታችሁ አትመልሷቸው። ይግቡ፤ ኩራታችሁ ደጅ ቆሞ ይጠብቃቸው። ጋሼ ወልደ ሥላሴ የጻፉት ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ ይነበባል፤

«ጥቂት ነን፤ አናንስም።»