ስሙ የማይጠየቀው እንግዳ

ይህ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። ብዙ አገር ዞሬ የየአገሩን የመናፍስት ወሬ ሰምቻለሁ፤ ሁሉንም ስቄ አልፌዋለሁ። የእኅቴ ልጅ ሰብለ ወንጌል የነገረችኝን ግን... ልሳቅበት ብል አፌ እምቢ አለኝ።

ዕለቱ የሰኔ ሚካኤል ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ብቸና፣ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ተረኛው ስጦታው ቤት።

ደጅ ዝናብ ይወርዳል።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር መናኸሪያው አጠገብ ፈንጂ ፈንድቶ ሰው አልቋል። ሰብለ ወንጌል ፋርማሲስት ናት፤ ለቁስለኞቹ ፋሻ ስታቀብል እጇ እስከ ክርኗ በደም ርሶ ነበር። ስለዚህ ስልክ ይፈተሽ፣ ማኅበር በፈቃድ ይሁን፣ ፀጉረ ልውጥ ያየ ያመልክት የሚል አዋጅ ሲወጣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ደገፈች።

«ይፈትሹን» አለች። «ብቻ ዳግመኛ አይፈንዳ።»

የጽዋ ማኅበር ግን የራሱ ሥርዓት አለው። በማኅበር ቀን ደጅ የቆመ እንግዳ በመልአኩ ስም ይገባል፤ ዳቦና ጠላ ይቀርብለታል። ስሙ አይጠየቅም። መልአኩ ራሱ ማን ሆኖ እንደ መጣ አይታወቅምና።

በዚያ ቀን አንድ እንግዳ መጣ።

ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ በሩ ሥር ተቀመጠ። የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም።

«ይኼ ፀጉረ ልውጥ አይደለም እንዴ? እናመልክት?» አለ ስጦታው በሹክሹክታ።

«አንተ ሰው! ሚካኤልን መታወቂያ ልትጠይቀው ነው?» አለች ሚስቱ ባንቺዓለም።

«እኔ ብተወው ኬላ ላይ ክንፉን ገልጠው ይፈትሹታል!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እንግዳው አልሳቀም። ጽዋውን ደጋግሞ ወደ አፉ ይወስዳል... ጠላው ግን አይጎድልም። ተነሥቶ ሲወጣ ሰብለ ወንጌል ጫማውን አየች።

ደረቅ ነበር።

የብቸናን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ይህን ይረዳል።

ሳምንቱ ሳይሞላ ስጦታው ታስሮ ተወሰደ። ስንቅ ይዛ የሄደችው ባንቺዓለም ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች።

«ያን ቀልድ አሰሙኝ፣ ሰብልዬ። ከነሳቃችን።»

«ቀርጸውት ነዋ!»

«መቅረጫ አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው በስጦታው ድምፅ ይናገር ነበር...» ባንቺዓለም ዞራ በሩን አየች። «ስጦታው ግን አጠገቤ ቆሟል።»

የሐምሌ ሚካኤል ተራ የሰብለ ወንጌል ሆነ። ባለቤቷ ሽታሁን ሞጣ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ለማኅበሩ ብሎ መጣ። ሰው ሰብስቦ የሚያስቅ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። የተተረተረ የጋቢውን ጠርዝ በአረንጓዴ ክር እየሰፋች ለመነችው።

«ሽቴ፣ ዛሬ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

«እሺ እመቤቴ። ለ‹አሜን› ፈቃድ አለኝ?»

«አትቀልድ! ቢወስዱህ እኔ ምን እሆናለሁ?»

እንባዋን ሲያይ ቀልዱን ተወ። «እሺ» አለ። «እሺ።»

የማኅበሩን ቄስ መምሬ አካለ ወልድንም ወደ ጓሮ ጠርታ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ዛሬ እንግዳ ባናስገባስ?»

«እንግዳ መመለስ ከጀመርን ልጄ፣ ማኅበሩን ለምን ጠጣነው?»

እንግዳው መጣ። በሩ ሥር ተቀመጠ።

የተናገረ የለም። ዳቦ ሲታኘክ ብቻ ይሰማል። ሽታሁን ዓይኑን ጽዋው ላይ ተክሎ ዝም አለ።

እንግዳው ቀስ ብሎ ዞረ... የሽታሁንን አፍ ሲያይ ዋለ።

ሽታሁን ሞጣ በተመለሰ ማግሥት የክረምት ትምህርት እያስተማረ ከክፍል አስወጥተው ወሰዱት።

ሰብለ ወንጌል ሞጣ ድረስ ሄደች። የተቀበላት መርማሪ ሥርዓት ያለው ወጣት ነበር፤ ወንበር ሳበላት።

«ባለቤቴ ምን ተናገረ?»

«ምንም አልተናገሩም።»

«ታዲያ?»

«እሱ ነው ያሳሰበን፣ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል። እንዲያ ያለ ጨዋታ አዋቂ ሰው በገዛ ቤቱ ማኅበር ዝም ያለው ምን ይዞ ነው?»

«ፈርቶ ነዋ!»

«ማንን?»

ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ያን እንግዳ... እናንተ ናችሁ የላካችሁት?»

ወጣቱ ግንባሩን ቋጠረ። «የትኛውን እንግዳ?»

በእውነት የማያውቅ ይመስል ነበር። የፈራችውም ያኔ ነው።

ከበሩ ውጪ ስንቅ የያዘች ሴት ነበረች። ንግስት ትባላለች፤ የሞጣ ሰው ናት። ባሏ ከተያዘ ዓመት አልፎታል፤ እዚህ የለም ይሏታል፣ እሷ ግን ስንቁን ማምጣት አልተወችም። ሰብለ ወንጌል ስለ ሽታሁን ነገረቻት፤ መልኩን፣ ሳቁን፣ በአረንጓዴ ክር የሰፋችለትን ጋቢ።

«ያንቺስ ሰው ምልክቱ ምንድን ነው?»

«የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም። በልጅነቱ ማጭድ ቆርጦታል...። ምነው? አይተሽዋል እንዴ?»

ሰብለ ወንጌል ዘወር ብላ አጥሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች።

«አላየሁም» አለች።

የሚሰማ ያለ መስሏት ነበር። ስልክ ተለዋውጠው ተለያዩ።

የነሐሴ ማርያም ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ብቻዋን ነበረች። የሚካኤል ማኅበሩ ከፈረሰ ሰንብቷል።

ንግስት ናት። በሹክሹክታ።

«ሰብለ... የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነው። አንድ እንግዳ መጥቶ በሩ ሥር ተቀምጧል።»

«እሺ...»

«የጋቢው ጠርዝ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል።»

ሰብለ ወንጌል ብድግ አለች።

«ጫማውን እዪልኝ።»

...

«ደረቅ ነው።»

«በስሙ ጥሪው! ሽታሁን በዪው! ሚስትህ ቤት ትጠብቅሃለች በዪው!»

«እንግዳ እኮ ስሙ...»

«አትጠይቂው፤ ጥሪው!»

ከዚያ ራቅ ብሎ የንግስት ድምፅ ተሰማ፤ «ሽታሁን?»

«ቀና አለ...» አለች ንግስት ተመልሳ። «ሰብለ፣ አፌን ነው የሚያየው...»

ስልኩ ተቋረጠ።

ወዲያው የሰብለ ወንጌል በር ተንኳኳ።

ከፈተች። ጣቱ የጎደለው ሰው ነበር። ዝናቡ በግራ በቀኙ ይወርዳል፤ ጋቢው ጠብታ አልነካውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢውን ከአፉ ዝቅ አደረገ። በራሷ በሰብለ ወንጌል ድምፅ፣ ከነሲቃዋ፣ እንዲህ አለ፦

«በስሙ ጥሪው... ሚስትህ ቤት ትጠብቅሃለች በዪው...»

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ባለፈው እሑድ፣ እኔ ቤት መጥታ ነው። «ከዚያስ?» ብላት ዝም አለች። ያንን ዝምታ ልሸፍን ብዬ እኔ ማውራት ጀመርኩ። ስለ አዋጁ፣ ስለ ሹሞቹ፣ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አፌን ታይ ነበር።

ከሄደች በኋላ የሻይ ብርጭቆዋን ላነሣ ጎንበስ አልኩ።

እንደ ሞላ ነው።

ደጅ ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም... ከበሩ እስከ ወንበሯ ድረስ ግን ወለሉ ላይ አንዲት የጭቃ ዱካ የለችም።