የአጋሮው ርክክብ

ጽዮናዊት ከርክክቡ ድንኳን ስትወጣ ሁለት ሰዎች የአባቷን የስፌት መኪና አይሱዙ ላይ ሲጭኑ አየች።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ ደሬሳ፣ ከአባቷ ጋር ስድስት ወር ስፌት የተማረው የቀድሞ ወታደር። «አሁን አይደል እንዴ ያስረከባችሁን? መኪናውን የሰጡን እንግዶች እኮ ገና ከጅማ አልወጡም!»

«ለጊዜው ነው» አለ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ፈለቀ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሌላ ከተማም ርክክብ አለ። ከዚያ ይመለሳል።»

አባቷ ዘለቀ ግራ እግሩን ዛላንበሳ ላይ ካጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ቡና መጋዘን የጥበቃ ሥራ ሲጠይቅ፣ «ሌባ ቢመጣ ሮጠህ ልትይዝ ነው?» ብለው ስቀውበታል። በአንድ እግሩ ፔዳል መርገጥ ሲለምድ ግን ቦሳ ኪቶ ሰፈር መንገድ ዳር የሚሠራበትን ቦታ ሳይቀር መርጦ ነበር። ጽዮናዊትም ዛሬ ጠዋት በጦር ጉዳተኞቹ ልጆች ስም ለእንግዶቹ ምስጋና አንብባለች። ከልቧ ነበር ያነበበችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈለቀ ቤታቸው መጣ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ቅዳሜ ለርክክቡ አጋሮ ይመጡልናል። የዚያዎቹ ጉዳተኞች ገና አልሠለጠኑም፤ እንግዶቹ ሲሰፋ ማየት ይፈልጋሉ። ጽዮንም ያንኑ ምስጋና ታነብልናለች።»

«መኪናችንስ?» አለች ጽዮናዊት።

«ከዚያ በኋላ።»

እሱ እንደወጣ፣ «አባዬ፣ አንሂድ። እየሸወዱን ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ብቀር ግን ስሜን ከፕሮጀክቱ ይሰርዙታል። ከዚያስ የት ልሂድ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

አባቷ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። 

ቅዳሜ አጋሮ አዳራሽ ውስጥ ያገኙት መኪና የራሱ የዘለቀ ነበር። ላዩ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበታል። ዘለቀ ተቀምጦ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ፤ እንግዶቹ ከበው ፎቶ አነሱት። መርፌው ላይ ክር እንደሌለ ያየችው ጽዮናዊት ብቻ ናት።

ስሟ በድምፅ ማጉያ ተጠራ።

«ተነሽ እንጂ» አለ አባቷ በሹክሹክታ። «እያዩን ነው።»

«አላነብም፣ አባዬ።»

«በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ ልጄ።»

ስሟ እንደገና ተጠራ። ፈለቀ ከመድረኩ ላይ አፈጠጠባት። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የፔዳሉ ድምፅ ብቻ ሆነ። እንባዋ ቢመጣም ከአባቷ አጠገብ አልተነሣችም።

ዘለቀ ጥቂት ረገጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ እግሩንም ከፔዳሉ አወረደ።