ሰባ ስድስተኛው እርምጃ

የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም። የሆነው በእኔው ላይ ነው።

ጨለማ አልነበረም። እሁድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ የነሐሴ ፀሐይ አናት ሲበሳ... የመንደራችን አደባባይ መሀል።

አጎቴ ኤውዳልድ የሳርዳና ዜማ ደራሲ ነበር። ሳርዳና እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ክብ ሠርተን፣ እርምጃ እየቆጠርን የምንጨፍረው ነው። ማብቂያው ሲደርስ ቆጣሪው የጎረቤቱን እጅ ጠበቅ ያደርጋል፤ ምልክቱ ክቡን ይዞርና ሁሉም እኩል ይቆማል።

አስራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ አዲስ ዜማው እዚሁ አደባባይ ሲጨፈር፣ እሱ ራሱ አስቆጠረኝ። ሰባ አምስት ላይ ማቆም ነበረብኝ። ዜማው ለሰባ ስድስተኛ እርምጃ ሲቀጥል ሰማሁ...

ባንዱ ዝም ሲል እኛ ገና እንዘላለን። አደባባዩ በሳቅ ሞተ።

ከዚያ ወዲያ ዜማውን የተጫወተለት የለም። አርባ ሥራውን ሳጥን ውስጥ እንደቆለፈ ሞተ። እኔን አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ የዚያን ዜማ ኖታ ይዤ የባንዱ ዋሽንት ነፊ ጋ ሄድኩ።

"ጋሽ ሳዱርኒ፣ አንዴ ተጫወቱለት። እኔ እቆጥራለሁ።"

"አንቺ? ያኔ የዘለልሽበት እግር እኮ እስካሁን መሬት አልነካም ይላሉ።"

"እባክዎ።"

"እሺ፣ አንዴ ብቻ። ከተሳቀብን ግን ኖታው ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ደግመሽ እንዳትመጪ።"

ልምምድ ላይ ቆጠርኩ። ሰባ አምስት... ባንዱ ቆመ።

ከዚያ አንዲት ዋሽንት ብቻዋን ቀጠለች።

"ጋሽ ሳዱርኒ... ጨመሩ?"

"ምን?"

"ሰባ ስድስተኛ..."

"ጆሮሽን ጥረጊ፣ ረመይ።"

የእሳቸው ዋሽንት ጉልበታቸው ላይ ነበር።

እሁድ ደረሰ። በግራዬ ጎረቤቴ እትዬ ኤንግራሲያ ናቸው፤ እጃቸው በላብ ረጥቧል። ባንዱ ጀመረ። ዓይኔን ከእግሬ አልነቀልኩም።

ስልሳ ስምንት... ስልሳ ዘጠኝ...

በግራ የያዝኩት እጅ ላቡ ደረቀ። ቀዘቀዘ።

በድንጋጤ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ሰባ ሁለት ነው? ሰባ ሦስት? አጎቴን ዳግመኛ ላዋርደው ነው አልኩ።

ያኔ ግራ እጄ ጠበቅ ተደረገ። ሁለቴ... ቀስ ብሎ። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ሲያስተምረኝ እንደሚያደርገው።

ምልክቱን ወደ ቀኝ አሳለፍኩ። ክቡ ከባንዱ ጋር እኩል ቆመ።

ጭብጨባው ደመቀ። እንባዬ መጣ።

"እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ..."

"ምኑን ነው ልጄ?"

ድምፃቸው ከኋላዬ ነው። ጥላ ስር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

"መቼ ወጡ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ኧረ ገና ድሮ! ሙቀቱ ሊገድለኝ..."

በክቡ ከእሳቸው ወዲያ የነበረው ሰውዬ ቀኝ እጁን ብርድ እንደያዘው ሁሉ በሱሪው ይፈትጋል።

የእኔ ግራ እጅ ግን አልወረደም።

ያቺ ዋሽንት ጀመረች... ሰባ ስድስት።

ወደ ግራ ተሳብኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ እርምጃ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ዘንድሮ የሳቀ የለም።

የሚያዩት እኔን አልነበረም። ከግራዬ ያለውን ነበር።