ማንም የማያየው ቀለም

የሙዚየሙ ሞዴል ሠሪ የነበረው ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ሥራው ከሆነችው ምድር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ምድሪቱ ደረት የምትደርስ የጀሶ ሉል ናት። ፊቷ እንደ ሐብሐብ ተቆርጦ ስስ ቅርፊቷን፣ ከሥሩ ማንትል የሚባለውን ቀይ ንብርብር፣ ቀልጦ የሚንተከተከውን የውጭ እምብርትና መሃል ላይ ጠጣሩን የብረት እምብርት ያሳያል፤ ጀርባዋ ግን ድፍን ነው። ሐኪሙ የሟች አናት በመዶሻ መመታቱን ተናገረ። መዶሻው ግን ሙዚየሙ ቢገለባበጥም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ማታ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሥራ አስኪያጁ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሟቹ ጋር የሠራችው ታናሽ እህቱና ጠዋት ሬሳውን ያገኘው ዘበኛ ብቻ ናቸው። ዘበኛው ላንሳው ሲል እጁን ደም ስለነካው ፖሊሶች ብዙም ሳይጠይቁ ካቴና አጠለቁለት። የልጆች አባት ነው፤ ከተፈረደበት ዕድሜውን እስር ቤት መጨረሱ ነው።

መርማሪው ለነገር የማይቸኩል አጭር ሰው ነበር። እህቲቱ ከወንድሟ ጋር ክፉ ደግ ተነጋግራ እንደማታውቅ ነገረችው። ዘበኛው በካቴና ሲያልፍ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ስለ ራሱ ከማውራት ስለ መሬት ማውራት ይቀለው ነበር፤ ሉሏ ተሠርታ ከደረቀች ወር እንዳለፋት ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እስከ መሃሏ የወረደ ሰው አለ?» አለው መርማሪው።

«ማንም የለም። የነገረን የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። ፈሳሹ ጋ ሲደርስ አንዱ ዓይነት ሞገድ ይቀራል፣ ሌላው ታጥፎ ያልፋል። ከላይ ሆነን እያዳመጥን ነው ያወቅነው።»

መርማሪው ይህን ሰምቶ ሉሏን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ዞራት። ፖሊሶቹ ሰውየው ለየለት ብለው ተያዩ። ከጀርባዋ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ታፈነ፤ መዳፉን ቢያሳርፍበት ቀዘቀዘው። መጋዝ አስመጥቶ ቦታውን ካስቆረጠ በኋላ ሁሉንም ጠራቸው።

«የደረቀ ጀሶ ይጮሃል፤ ይሄ ግን ገና እርጥብ ነው። ትናንት ማታ ተቆፍሮ ተደፍኗል ማለት ነው» አለና ደም የነካውን መዶሻ ከውስጥ አወጣ። «ዘበኛው ቢሆን ቀዳዳውን በነጭ ጀሶ መርጎት ይሄድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጀሶ በጥብጦ አያውቅም። እስቲ እዩት፤ ከሥር የውጭ እምብርቱ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ የማንትሉ ቀይ፣ ከዚያ ቅርፊቱ፤ ውፍረታቸው እንኳ አልተዛነፈም።» ወደ እህቲቱ ዞረ። «እህቴ፣ ላዩ ተቀብቶ የሚሸፈን ነገር ነው። ማንም ለማያየው ቀለም ለምን ደከምሽ?»

እጇን ዘርግታ የተቆረጠውን ጀሶ ዳሰሰች። ከዚያ ወንድሟ በሉሏ ምረቃ ቀን የእሱ ስም ብቻ እንደሚጻፍ፣ እሷ ጀሶ ከመበጥበጥ በቀር የሠራችው እንደሌለ መናገሩንና ዓይኗ ደም ለብሶ በመዶሻው መምታቷን ተናገረች።

«ዝም ብዬ በነጭ ልደፍነው ነበር። አልቻልኩም። ጋሼ ያየዋል ብዬ ፈራሁ።»

«ሞቶ እኮ ነበር።»

«አውቃለሁ። እግሬ ሥር ነው የተኛው።»

ወደ ዘበኛው ዞር አለች፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻለችም።

«ባይደርሱብኝ አንተን አሳስሬ ዝም ልል ነበር፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ ለማለትም ያሳፍረኛል።»

ካቴናው ከእሱ እጅ ወጥቶ እሷ እጅ ላይ ገባ። ዘበኛው አንጓውን እያሻሸ ቆመ፤ ነፃ ወጥቶም ደስ ሊለው አልቻለም።