ሰባት የሳቅ ቦታዎች

«አሁን!» ብላ ራሷን አዘዘችና ሳቀች።

የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረበት ሰው «ኽኽ» አለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሦስት የክፍሏ ልጆች ከልማድ የተነሳ ሊከተሏት አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ገጠሙት። ከፊቷ የነበሩ ሴትዮ ዞር ብለው በሲኒማ ቤቱ ጨለማ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ አቀበሏት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ስሟ «ደወል» ነው። እሷ አንዴ ከሳቀች ክፍሉ በሙሉ ይከተላታል፤ የሒሳብ መምህሩ ሳይቀሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታይተዋል። ፊልሙ ላይ የሚተውነው ታላቅ ወንድሟም ይህን ስለሚያውቅ ነው ጠዋት ቁራጭ ወረቀት መዳፏ ውስጥ የሸጎጠላት። ወረቀቱ ላይ መሳቅ ያለባት ሰባት ቦታዎች ተጽፈዋል። አንደኛው ፖሊሱ የሙዝ ጋሪ ላይ ሲወድቅ፣ ሁለተኛው ኮፍያው ሲገለበጥ፣ እያለ ይቀጥላል።

«ዳይሬክተሩ ከኋላ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል» ብሏት ነበር። «ሰው ከሳቀ ለሚቀጥለው ፊልም እኛኑ ይወስዳል። ካልሳቀ አዲስ ፊት ይፈልጋል፤ እኔም አጎታችን ጋ ተመልሼ መስታወት ስቆርጥ መኖሬ ነው። አንቺ ብቻ ጀምሪልኝ፣ እቱ።»

ፊልሙ አንድ ሌባ ስለሚያሳድዱ ሁለት ፖሊሶች ነው፤ አንዱ ኮስታራ፣ ሌላው ቀልደኛ። ለሁለቱም ተዋንያን የመጀመሪያቸው ነው። ወንድሟ ቤት ውስጥ የጎረቤቱን ዶሮ ከነአረማመዷ አስመስሎ እናታቸውን በሳቅ የሚያስለቅስ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዳይሬክተሩ ቁመቱንና አገጩን አይቶ ኮስታራውን ሰጠው። ጓደኛው ደግሞ «ደህና ነኝ» ሲል እንኳን አንጀት የሚበላ ልጅ ነው። ጆሮዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ቀልደኛው ተደረገ። ምስኪን! ጋሪው ላይ ሲወድቅ ደወል መሳቁ ቀርቶባት ተነስታ ልትደግፈው ቃጥቷት ነበር።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቦታ አለፈ። አዳራሹ ጭጭ እንዳለ ነው። ዞር ስትል ወንድሟ መውጫው በር አጠገብ ቆሞ፣ በአገጩ «በይ እንጂ» ሲላት አየችው።  ለእሱ ብላ የማታደርገው ነገር የለም፤ ሳቁ ግን እምቢ አላት።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለ ትዕይንት መጣ። ፖሊሶቹ መኪናቸውን ራሳቸው ተሰርቀው አለቃቸው ፊት ቆመዋል። ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ ይሰማል።

«መኪናዋ የት አለች?» ብሎ አለቃው ጠረጴዛውን ደበደበ።

ኮስታራው ቀስ ብሎ የደረት ኪሱን ዳበሰ። ቀጥሎ የሱሪውን። ቀጥሎ የኋላውን።

ይህን ፊት ደወል ታውቀዋለች። ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ሬዲዮ ሰብሮ «ሬዲዮኔ የታለ?» ሲባልም እንዲሁ ነበር ኪሱን የፈተሸው። ይኸው ዛሬ ደግሞ መኪና ይፈልጋል! አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ይህን አየና፣ ሊያለቅስ በደረሰ ፊቱ እሱም የራሱን ኪስ መፈተሽ ጀመረ።

ሳቋ አመለጣት። የክፍሏ ልጆች ተከተሉ፣ ረድፉ ተከተለ፣ የውሃዋ ሴትዮ «ወይኔ ሆዴን!» እያሉ ወንበሩን ደበደቡት። ደወል እንባዋን እየጠረገች ወደ በሩ ስትዞር ወንድሟ የለም።

ፊልሙ ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ፣ የራሱ ፎቶ ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ጠበቃት።

«ምን አደረግኩሽ?» አላት። «እሱ እኮ የሚያሳዝነው ቦታ ነው! የምናገረው ጠፍቶብኝ ደንግጬ ነው ኪሴን የነካሁት። ደግመን ለመቅረጽ ጊዜ ስላልነበረ እንደዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁጥሩ ተምታቶብሽ ነው፣ አይደል? ወረቀቱን አምጪው፣ በደንብ ላስረዳሽ። ፊልሙ ለሁለተኛ ዙር ሊታይ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው።»

ወረቀቱን ሰጠችው። «አዎ» ብትለው ነገሩ ያልቃል፣ እሱም ደስ ብሎት ይገባል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልተምታታብኝም» አለችው። «ጋሪው አላሳቀኝም። ኮፍያውም አላሳቀኝም። የውሸቴን ስስቅ ሴትዮዋ የታነቅኩ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ። የኪሱ ግን… እሱ አንተ ነህ። የቤቱ አንተ።»

«ፊልሙ አይነፋም እያልሽኝ ነው?»

«አይነፋም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢያኮርፋትስ? እስከ ዛሬ አኩርፏት አያውቅም።

 የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየጠረገች በመካከላቸው አለፈች።

«ለመሆኑ ወረቀቱ የታለ?» አለ ወንድሟ።

«ሰጠሁህ እኮ።»

የደረት ኪሱን ዳበሰ። የሱሪውን። የኋላውን። ወረቀቱ ግራ እጁ ላይ ነው። ደወል ከንፈሯን ነከሰች፣ አልቻለችም፣ በሳቅ ፈነዳች። እሱም እጁን አየ፤ የአፉ ጫፍ እምቢ እያለው ተንቀጠቀጠና ተሸነፈ።

«አንተ፣ ና እስቲ!» ሲል ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ጓደኛውን ጠራው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ጓደኛው።

«ምንም። ዳይሬክተሩ ጋ እንግባ። ለሚቀጥለው ኮስታራውን አንተ ውሰደው፣ ቀልደኛውን እኔ። ካልተስማማ ደግሞ መስታወት ቤቱ የትም አይሄድም።»

«ተመስገን» አለ ጓደኛው፣ በዚያ በሚያሳዝን ድምፁ።

ወንድሟ ዳይሬክተሩ ያለበት ቢሮ በር ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ሁለተኛውንም ዙር ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ።»

«ካላሳቀሽስ?»

«ዝም እላለሁ።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በሩን አንኳኳ። ደወልም ባዶ እጇን ወደ ወንበሯ ተመለሰች።