አውራ ጣት ያረፈበት ወረቀት

የዜማ ደራሲው ራጊብ ዘህራን፣ በካይሮ ከተማ ሹብራ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያው፣ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞቶ የተገኘው ዓርብ ረፋድ ነበር። በትራስ ታፍኗል። ሬሳውን ያገኘው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ላቢብ ነው፤ በየማለዳው ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው የዑዱ ክር ዝም ሲልበት ሰግቶ በተሰጠው ትርፍ ቁልፍ ከፍቶ ገባ።

የፖሊስ መርማሪው ሻለቃ ወግዲ ክፍሉን ቃኘ። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ፎጣ። የራሱም ቤት እንዲሁ ነበርና ዐይኑን ቶሎ መለሰ። ከዚያ የሟቹን ቀኝ እጅ አነሣ፤ አውራ ጣቱ ሐምራዊ ቀለም ነክቶታል።

ላቢብ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስትወጣ ያያት ዘፋኟን ቡሰይናን ብቻ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ለስግደት ሱቁን ዘግቶ በሄደበት ሰዓት ግን ማን እንደ ገባ አያውቅም። የካሴት ነጋዴው ሹክሪ ደግሞ ጣቢያ ድረስ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ራጊብ የታወቀውን ዜማውን ለሹክሪ ብቻ መልቀቁን ይናገራል፤ በግርጌውም ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ቡሰይና ያለ ፈቃድ ስትዘፍን ኖራለች፣ ተው ቢላት ገደለችው ባይ ነው። ይህ ከጸና ሴትዮዋን የሚጠብቃት ወህኒ ነው።

እርስዋ ወረቀት እንደሌላት አልካደችም። ከሰባት ዓመት በፊት ራጊብ በእጁ የጻፈውን ዜማ በእጁ ሰጣት፤ በየሐሙሱም ወደምትዘፍንበት አዳራሽ መጥቶ ከፊት ተቀምጦ ይሰማት ነበር። «ወረቀት ብጠይቀው ይቀየመኝ ነበር» አለች። ወግዲ የራጊብን ዜማ የሚዘፍኑ ሌሎች አራት ሰዎችን ጠየቀ። አንዳቸውም ወረቀት የላቸውም።

በማግስቱ ላቢብን፣ ቡሰይናንና ሹክሪን በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው።

«መቼ ፈረመልህ?» አለው ሹክሪን።

«ከዛሬ ዘጠኝ ቀን በፊት። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥሁም። ቀኑ ተጽፏል፣ ሻለቃ፤ ማንበብ ለቸገረው አነብለታለሁ።»

«ዕድሜውን ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለ ምን በጣቱ ፈረመ?»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበራ።»

«የማን እጅ?» አለ ላቢብ። «ረቡዕ ዕለት መርፌዬ ላይ ክር ያስገባልኝ እርሱ አይደለም እንዴ!»

«ራጊብ በቀን አምስት ጊዜ ለስግደት ይታጠብ ነበር» አለ ወግዲ። «ያን ያህል የሰነበተ ቀለም ጣቱ ላይ እንዲህ ደምቆ አይገኝም። ይህ የተቀባው መታጠብ በማይችልበት ሰዓት ነው። ዜማውን ለምነኸው እምቢ አለህ፤ አፈንኸው፤ ከዚያ የሬሳ እጅ አንሥተህ አስፈረምህ።»

«እርስዋስ? ዝም ማለቱ ፈቃድ ነው?»

«ዝም አላለም። በእጁ ሰጣት፤ ሰባት ዓመት መጥቶ ሰማት። ፈቃዱ ይህ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ወረቀት የያዝኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ያልተፈቀደልህም አንተ ብቻ ነህ።»

 ፖሊሶች ሹክሪን ይዘው ወረዱ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቡሰይና ያንኑ ዜማ ዘፈነች። ወግዲ ብቻውን መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ከፊት ያለው የራጊብ ወንበር ባዶ ነበር። መካከል ላይ አንድ ቦታ ተሳሳተች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ መሳሳቷን ከራስዋ በቀር ያወቀ አልነበረም።