ሐኪሙ ያሰረው ክር

መርማሪዋ ስትደርስ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል በጎኑ እንደተኛ ሞቷል። በሱቁ አብራው የምትሠራው ታላቅ እህቱ ገና በሩ ላይ ተቀበለቻት።

«በሾርባ መርዛ የገደለችው ሚስቱ ናት!» አለች፤ እያለቀሰችም ከመርማሪዋ እጅጌ የተንጠለጠለ ክር በመቀሷ ቀጭ አድርጋ ጣለች። ሚስትየው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እንዲህ ያለ ክስ ደግሞ እውነት ሆነም አልሆነ ዕድሜ ልክ የሚከተል ነው።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። መርዝ የለም፤ የገደለው በመቀመጫው አካባቢ ተጠራቅሞ ደሙን የበከለ መግል ነው። መርማሪዋ ያክመው ወደነበረው ሐኪም ሄደች።

«ክሮን የሚባል የአንጀት በሽታ ነበረበት» አላት። «ከአንጀቱ እስከ መቀመጫው ቆዳ ቀዳዳ አበጀ። ፊስቱላ እንለዋለን። ሁለቴ ቀዶ ሕክምና ብናደርግለትም አልድን አለ። መግሉ መውጫ እንዳያጣ በቀዳዳው ክር አሳልፈን እንደ ቀለበት አሰርነው። መድኃኒቱ እስኪሠራ ለወራት መቆየት ነበረበት።»

«አስከሬኑ ላይ ክር አልተገኘም።»

«እንግዲያው ሰው ቆርጦታል። ለራሱ በማይታየው ቦታ ነው።»

ሚስትየው ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች። «ምን ቁስል? ዓመት ሙሉ በር ዘግቶ ነው የሚታጠበው። ሌላ ሴት የያዘ መስሎኝ ነበር።»

መርማሪዋ የሟችን የውስጥ ሱሪዎች አገላበጠች። ሁሉም ውስጥ ፋሻ በረቂቅ የእጅ ስፌት ተይዟል። ሚስቱን፣ እህቱንና ታናሽ ወንድሙን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟችም ወንድምየውም በስፌት መኪና ብቻ ነው የሚሰፉት፤ ሚስትየው ልብስ ትተኩሳለች» አለች። ወደ እህትየው ዞረች። «በእጅ የሚሰፉት እርስዎ ነዎት። ፋሻውን የሰፋ ሰው ቁስሉን ያውቃል። እርስዎ ደግሞ የተንጠለጠለ ክር ካዩ እጅዎ አያርፍም። የእኔን እንኳ አልማሩትም። ሐኪም የረሳው ስፌት መሰለዎት።»

እህትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይቆጠቁጠኛል ሲለኝ ቆረጥኩት። ሲያተኩሰው ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው ‹ደግሞ ልራቆት?› አለኝ። አፈርኩለትና ተውኩት። ሲሞት ነው የገባኝ።»

«ታዲያ እኔን ለምን፣ እትዬ?» አለች ሚስትየው።

«የት ቦታ እንደቆረጥኩ ከምናገር፣ አንቺን ገዳይ ማለት ቀለለኝ።»

ወንድምየው ከሁለቱም ፊቱን አዞረ። ሚስትየው ግን አልጮኸችም።

«ባሌ እኮ ነው» አለች። «ብትነግሩኝ ቁስሉን አጥብለት ነበር።»